የታጠበችው ቦርሳ

አሽቀሎን፣ ሺምሾን ሰፈር
ኖቬምበር 8 ቀን 1992

ይድረስ ለእትዬ ትዋበች፣
አዲስ አበባ

ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ እንቅልፍሽ እንደምን ከረሙ? ጎረቤቶችሽስ፣ የጎረቤቶችሽ ጎረቤቶችስ? አያቴ እማማ ካሳነሽ ሰላምታው ገጹን ሞልቶ ካልተገለበጠ ደብዳቤ አይባልም ትላለች። እኔ ወረቀቱን ከሒሳብ ደብተሬ ስለገነጠልኩት በዚህ ይብቃኝ፤ የቀረውን ሰላምታ እንደደረሰሽ ቁጠሪው። እኛ ደህና ነን። ደህና ማለት ማንም አልታመመም፣ ሁሉም ደክሞታል ማለት ነው።

የሺእመቤት ነኝ። አዲስ አበባ አውሮፕላን ስንጠብቅ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበን ስንኖር፣ ጸጉሬን ስትሠሪኝ «አንገትሽን እንደ ዳክዬ አታዙሪው» እያልሽ በማበጠሪያ የምትኮረኩሚኝ ልጅ። እዚህ ትምህርት ቤት ስሜ ተጠርቶ አያልቅ ስላላቸው ሺሪ ብለው ቆርጠውኛል። ይህን ደብዳቤ ጻፊ ያለኝ የለም። እማማ ለማን ነው ስትለኝ ለአስተማሪዬ አልኳት። «በአማርኛ?» አለች። «እየተማረች ነው» አልኳት።

ጉዳዬ የእማማ መቀነት ነው። ያላት ነገር ሁሉ መቀነቷ ውስጥ ተቋጥሮ ነው የሚኖረው፤ መታወቂያዋ፣ የኩፓት ኾሊሟ ማለት የሐኪም ቤቱ ካርድ፣ የቤቱ ቁልፍ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት። በቀደም ሐኪም ቤት ተራችን ደርሶ ጸሐፊዋ መታወቂያ ብትላት መፍታት ጀመረች። ይፈታል፣ ይፈታል፣ አያልቅም። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፤ ሌላው መሬት እንዳይነካ አንድ ሩሲያዊ ሽማግሌ ያዘልን፤ ከኋላችን ያለው ሰው ሰርግ የደረሰ መስሎት ቦታ ለቀቀ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወድጄ ነበር። እማማ ግን ሽማግሌውን ቆማ መረቀችው።

ከሚግዳል ገበያ የቆዳ ቦርሳ ገዛሁላት። በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አሸተተችና «ማን እንዳረደው የማላውቀውን ከብት አልይዝም» አለች። ቦርሳውን አሁን አጎቴ ጋሼ ደርሶ ቁልፎቹን ይይዝበታል። አንድ በር ብቻ ያለው ሰው ያን ሁሉ ቁልፍ ከየት እንዳመጣው እንጃ።

ያኔ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ፤ ኪሮሽሽን እንደ አናጢ እርሳስ ጆሮሽ ላይ ሰክተሽ። የዳንቴል ቦርሳ እንዴት እንደሚሠራ ጻፊልኝ። ቀላሉን። ማንጠልጠያ የሌለው፣ በእጅ የሚያዝ፣ እንደ ፖስታ የሚታጠፍ። ክር ከማንም ከብት ላይ አልተገፈፈ፣ ምን ሰበብ ታገኛለች?

ታመሽ እንዳይሆን። ታመሽም ከሆነ መልሱን እስክትጽፊ ድረስ ተሽሎሽ ይቆይ።

የሺእመቤት


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1985 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለየሺእመቤት

የአባቶቻችን አምላክ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ፣ አድገሽ ያሳየኝ። አክስቴ ካሳነሽ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። ደርሶን ሰላም በይልኝ። እኔ በሕይወት አለሁ። አብረን የነበርንበትን ክፍል ለቅቄ ስም የሚጠራበት ግቢ አጥር ጀርባ ገብቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ እስራኤል የሚሄዱትን ሲጠሩ ከአልጋዬ ይሰማኛል። የእኔ እስካሁን አልተጠራም።

ቦርሳው ቀላል ነው። መጀመሪያ ሰንሰለት ትሠሪያለሽ፤ ክሩን በኪሮሹ በቀለበቱ ውስጥ ጎትቶ ማውጣት፣ ደግሞ ጎትቶ ማውጣት ነው። ርዝመቱ መታወቂያቸው በአግድም ተኝቶ ሁለት ጣት የሚተርፈው ይሁን። ከዚያ በላዩ እየተመላለሱ መሙላት ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፤ ጠርዙ ጋ ደርሰሽ ከመመለስሽ በፊት አንድ ሰንሰለት ጨምሪ። እሷን ከረሳሽ ሥራው እየጠበበ ይሄዳል። ቁመቱ የመታወቂያውን ሦስት እጥፍ ሲሆን የታችኛውን እጥፍ ወደ ላይ መልሰሽ ጎንና ጎኑን ስፊው፤ የተረፈው ክዳን ነው። ቁልፍ ትተክዪለታለሽ። ክሩን አንቀሽ አትያዢው። እጅ ከተናደደ ዳንቴሉ ይደርቃል።

አሁን ደግሞ የእኔን ልንገርሽ። ልጅ ነሽ፣ ግን ሌላ የምጽፍለት ሰው የለኝም። ቢሮ ሄጄ ነበር። እዚያ እስራኤል ያለ የሥጋ ዘመድ ቀርቦ «የእኔ ናት» ብሎ ቃሉን ካልሰጠ ማመልከቻሽ አይታይም አሉኝ። ለእኔ የቀሩኝ አክስቴ ብቻ ናቸው። አባቴ መሬቱን እንዳይነጠቅ ብሎ ቤተ እስራኤልነቱን ትቶ መጠመቁን፣ ከዚያ ወዲያ አክስቴ የወንድማቸውን ስም አለማንሳታቸውን ሰምተሻል። እናንተ የሄዳችሁ ለት በዚያ ግቢ በር ላይ «ካንቺ ጋር ያለው ማን ማን ነው?» ሲሏቸው ሁላችሁንም በጣታቸው አሳዩ። እኔ ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን አጠፉ። ጓዛቸውን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። አስረከብኩና ተመለስኩ።

አልተቀየምኩም። ቃላቸውን እንዲሰጡኝ ብቻ ለምኚልኝ።

ትዋበች


አሽቀሎን
ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1993

ይድረስ ለእትዬ ትዋበች

ሰላም ላንቺ፣ ለአጥሩም ለግቢውም። ጎረቤቶችሽን በጅምላ ሳሚልኝ።

ቦርሳውን ሠራሁ። ከመመለስሽ በፊት ጨምሪ ያልሽኝን ሰንሰለት ረሳኋት። ጎኑ እየሸሸ፣ እየሸሸ፣ መጨረሻ ላይ አፍንጫ ሆነ። ጋሼ ደርሶ አገላብጦ አየውና «የጀልባ ሸራ ነው?» አለ። እማማ «የድመት ቆብ ነው» አለችው። ድመት የለንም። ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ። ይሄኛው ቅርጹ አማረ፤ እጄ ግን ተናዶ ስለነበር ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል። እማማ ለመታወቂያዋ ሳይሆን ለሌባ መምቻ ፈለገችው።

የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። እማማ አንዴ ከወረደች ጉልበቷ እስኪመለስላት ድረስ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትውላለች። እዚያ ማን ከማን እንደተወለደ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ሲቆጥሩ ይመሻል። እኔ የገባኝ ሁሉም የሁሉም ዘመድ መሆኑ ነው፤ የማይተዋወቁት ሲኮራረፉ ብቻ ነው።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ደስ ስለማይል ነው። ደብዳቤሽን አነበብኩላት። (አስተማሪዬ አማርኛ አለመማሯ በዚሁ ታወቀ።) ስለ ዳንቴሉ ስትሰማ ራሷን ትነቀንቅ ነበር። «ጣታቸውን አጠፉ» የሚለው ላይ ስደርስ ተነሥታ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈተች። የሚታጠብ ነገር የለም። ዝም ብሎ ውሃው ይፈስሳል፣ እሷ ታየዋለች።

«እማማ፣ ምን ብዬ ልጻፍላት?»

«ክረምቱ ገብቷል በያት።» (እዚህ አገር ክረምት የሚሆነው በእናንተ በጋ ነው።)

ጋሼ ደርሶን ደግሞ ለብቻው ያዝኩት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል የመጣ ስለሆነ አገሩን የሠራው እሱ ይመስለዋል። «ሳቭላኑት» አለኝ። ትዕግሥት ማለት ነው። እዚህ አገር ሰው አንድ ነገር ማድረግ ሲደክመው የሚናገራት ቃል ናት።

እና፣ እትዬ፣ ክረምቱ ገብቷል።

የሺእመቤት


አዲስ አበባ
ሚያዝያ 28 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለየሺእመቤት

እንደምን አለሽ? አክስቴስ እንዴት ናቸው? መልስ ሳልሰጥሽ የቆየሁት አሞኝ ነው። ከተሻለኝም በኋላ የምጽፈው አጣሁ። ክረምቱ ወጣ ወይ?

ያንን ጉዳይ ተዪው፤ አታድክሚያቸው። ሰው ተለምኖ ዘመድ አይሆንም። ከቻልሽ ክር ላኪልኝ፤ ነጭም ቢሆን ግድ የለኝም፣ እዚህ ያለው ይበጠሳል። ስም ሲጠራ እጄ ሥራ ይዞ ቢሰማ ይሻለኛል።

ቦርሳው እንደማይሆንልሽ ስለገባኝ ራሴ ሠርቻታለሁ። አሮጌ ሹራቤን ፈትቼ ስለሆነ ሱፍ ናት፤ ቡናማ። ቁልፏም የሹራቡ ነው። ጎረቤቴ አስናቀች ስሟ ተጠርቶላት ትመጣለችና በእጇ ታደርስልሻለች። የእኔ እጅ ሥራ መሆኑን የማይወዱት ከሆነ ከገበያ ነው በያቸው።

ትዋበች


አሽቀሎን
ጁን 20 ቀን 1993

እትዬ ትዋበች

ሰላምታ እንደምትፈልጊው አድርገሽ ውሰጂ። ዛሬ ቀልድ የለኝም፤ ያለኝን ጋሼ ደርሶ ላይ ጨርሼዋለሁ።

ቦርሳዋ ደረሰች። እንዴት ያለች ነገር ናት! ጠርዟ እንደ ገመድ ቀጥ ያለ፣ ሆዷ ደግሞ ለስላሳ። እማማ አልጋው ላይ አየቻት። «የማናት?» አለችኝ። ከገበያ ናት ልላት አፌን ከፈትኩ። መዋሸት የማያቅተኝ ልጅ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ያን ጊዜ ግን አቃተኝ። «የእትዬ ትዋበች ሥራ ናት» አልኳት።

ፎጣ አመጣች። በእጇ ሳትነካ በፎጣው ጠቅልላ አነሣቻትና መታጠቢያ ቤት ወሰደቻት። ውሃ አፈላች፣ እትዬ። የፈላ ውሃ! ባልዲው ውስጥ ደፈቀቻት። አወጣች፣ ደግሞ ደፈቀች። «እማማ፣ ንጹሕ ናት እኮ! ሱፍ ነው፣ ታበላሺዋለሽ!» ብዬ ጮህኩ። በሩን ዘጋችብኝ።

ስትወጣ ቦርሳዋ ተኮማትራ፣ ወፍራ፣ የክብሪት ቤት አክላለች። መታወቂያ ቀርቶ የአውቶቡስ ቲኬት አይገባባትም። ያንቺ እጅ ስለነካት እንደ ቆሻሻ እንደቆጠረቻት ለማወቅ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ የማናግራት በዕብራይስጥ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ሁሉም እንደገባው ሰው ራሷን ትነቀንቃለች፤ ይህ ይበልጥ ያናድደኛል።

ይህን ላልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ግን ሹራብሽን ፈትተሽ የሠራሽው ነገር ምን እንደሆነ ሳታውቂ ልትቀሪ አይገባም።

ነጭ ክር ልኬልሻለሁ። ከእኔ ነው፣ ከእሷ አይደለም።

የሺእመቤት


አዲስ አበባ
ሐምሌ 11 ቀን 1985 ዓ.ም.

ልጄ የሺእመቤት

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እየጻፍኩ ነው። ዕብራይስጡን ተዪና አያትሽን በአማርኛ አናግሪያቸው።

አንቺ የምታውቂው የቆሸሸ ነገር እንደሚታጠብ ነው። አባቴ የነገረኝን ስሚ። በእነሱ ቤት ከውጭ ሰው እጅ የመጣ ዕቃ ወይ ቤት ይገባል፣ ወይ ደጅ ይቀራል። ደጅ የሚቀረውን ማንም አያጥበውም፤ ፀሐይና ዝናብ ይጨርሰዋል። ውሃ የሚገባው ቤት የሚገባው ብቻ ነው።

አባቴ ከተጠመቀ በኋላ ለእህቱ በርጩማ ጠርቦ ልኮላቸው ነበር። ደጅ ቀረ። በዚያ ባለፈ ቁጥር ያየዋል። ሣር በቀለበት። ሰው ሊቀመጥበት ቀርቶ ዶሮ አልወጣበትም። እስኪሞት ድረስ ያነሣው ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሳይሆን አንዲት ነገር ነበረች የምታንገበግበው፤ «ምነው እንኳ ውሃ ባስነካችው» ይል ነበር።

የእኔን ግን በፈላ ውሃ አጠቧት? ደግመውም ነከሯት?

እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ሌላ አልጠይቅሽም። ከታጠበች በኋላ የት አሰጧት? ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?

ትዋበች


አሽቀሎን
ሴፕቴምበር 5 ቀን 1993

ውስጥ ነው፣ እትዬ! ሰላምታውን ከታች ታገኚዋለሽ። ከአልጋዋ ራስጌ፣ ምስማር ላይ ሰቅላታለች። እዚያ እንዳለች ሳያት ከርሜ ምንም አልገባኝም። በዚህ ቤት ጅል ጋሼ ደርሶ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የዘገየሁት ደብዳቤሽን ለማንበብ ደህና ቀን ስጠብቅ ነው። እማማ ደህና ቀን የላትም፤ ወይ ጉልበቷን ያማታል፣ ወይ ሙቀቱ ይጥላታል፣ ወይ ሽማግሌዎቹ ያስኮርፏታል። በመጨረሻ በአንዱ መጥፎ ቀን አነበብኩላት። በርጩማው ጋ ስደርስ ቧንቧውን ትከፍታለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሣችም።

«ሦስት እግር ነበረው» አለች።

ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እንጨት መምረጥ አይችልበትም ነበር። እርጥብ ግንድ ነው የጠረበው። ሣር የበቀለበት ለዚህ ነው።» ከዚያ «ወንድሜ ሁልጊዜ ይቸኩላል» አለች። ወንድሜ ስትል ስሰማ ከተወለድኩ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግሥቱ ስነቃ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ጋ ቆማለች። «ደርሶን ጥሪው» አለችኝ። ጋሼ ደርሶ ዓይኑን እያሸ መጣ። «ዛሬ እኮ ሥራ አለኝ እማማ፣ ሳቭላኑት» አላት። «እሷን እኔ ጨርሻታለሁ፤ ያንተ ከተረፈ ለራስህ አስቀምጣት» አለችው። ከቁልፎቹ አንዱ ለካ የመኪና ነው። የዘመድ ቃል ወደሚቀበሉበት ቢሮ ሄድን።

ጸሐፊዋ በዕብራይስጥ ትጠይቃለች፣ እማማ በአማርኛ ትመልሳለች፣ መሃል እኔ ነኝ።

«የምትጠሪያት ሴት ምንሽ ናት?»

«የወንድሜ ልጅ ናት።»

«ስትመጪ ግን ስሟን አልተናገርሽም። ለምን?»

ጋሼ ደርሶ ቀድሞን በዕብራይስጥ ገባ፤ «አርጅታለች፣ ትረሳለች» አላት። ሲያዋርዷት ሁሉም ቋንቋ ይገባታል መሰለኝ እማማ ወደ እኔ ዞረች፤ «አልረሳሁም በያት። ተቆጥቼ ነበር።»

«በሷ ላይ?»

«በአባቷ።»

«አባቷ የት ነው ያለው?»

«ሞቷል።»

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ታዲያ አሁን ምን ተለወጠ?» አለች፤ በክፋት አልነበረም፣ እሷም የደከማት ትመስላለች።

እማማ መቀነቷን አጠበቀች። ከኋላ ወረፋው ማጉረምረም ጀመረ። «መቆጣት ደከመኝ በያት» አለች። «መጥቶ ይቅር በይኝ እስኪለኝ ስጠብቅ እሱ ሞተ፣ እኔ አረጀሁ። ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም። በዚያን ቀን ጓዜን ይዛልኝ ነበር። ከባድ ነበር ጓዙ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ ከራሴ ምንም ጣል አላደረግሁም። ጸሐፊዋ ጻፈች፣ እማማ አውራ ጣቷን አተመች። ወረቀቱን ወደ አዲስ አበባ እንልካለን፣ ጊዜ ይወስዳል ተባልን። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልተናገሩም። ስንመለስ መኪናው ውስጥ አፏን ከፍታ ተኛች፤ ጋሼ ደርሶም ሬዲዮኑን ዘጋላት። ሰው የሚሆንበት ቀን አለው ማለት ነው።

ሰላምታው ይኸው። እሷ ናት ያጻፈችኝ፤ አንድ ፊደል አልነካሁም፦

«ይድረስ ለትዋበች፣ ለወንድሜ ልጅ። እንደምን ከረምሽ? እኔ አለሁ። ቦርሳሽ ደርሳኛለች፤ ውሃው በዝቶባት አጥራለች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሹራብሽን ፈትተሽ ነው አሉኝ። ታዲያ አንቺ ምን ለብሰሽ ከረምሽ? ብርዱስ?»

የሺእመቤት


አዲስ አበባ
ጥቅምት 16 ቀን 1986 ዓ.ም.

የሺእመቤት፣ ይህ ለአያትሽ ነው። ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

ይድረስ ለአክስቴ ለካሳነሽ

አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ካነበብኩት በኋላ ተቀመጥኩ፤ እልል የምል መስሎኝ ነበር፣ አቅሙ አልነበረኝም። ተኛሁ። ጠዋት ስም ሲጠራ ሳልሰማ ቀረሁ፤ እዚህ ከገባሁ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ወረቀቱ ቢሮ መድረሱን ነግረውኛል። ማመልከቻሽ ይታያል፣ ጠብቂ ብለውኛል። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ሰው ሁሉ እንዴት ነሽ ሲለኝ ደህና ነኝ እያልኩ ኖሬያለሁ። ለየሺእመቤትም አልተቀየምኩም ብዬ ጽፌላታለሁ። እርስዎ ሲጠይቁኝ ግን መዋሸት አልቻልኩም።

በርዶኛል፣ አክስቴ። በጣም በርዶኛል።

የወንድምዎ ልጅ
ትዋበች